በግራው ጫማ የቀረው ውሃ

እሑድ፣ ኅዳር 7

«ጳውሎስ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ። እሱ ራሱ እየሰማ።

አሁኑኑ ልጻፈው። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ እኔም አምነዋለሁ።

የልጄ የማርታ የወደፊት አማቶች ከሱሉልታ መጥተው ነበር፤ አቶ ተፈራና ባለቤታቸው፣ ከእነሱም ጋር ሁለት መኪና ሙሉ ዘመድ። ቡራዩ እቤታችን ምሳ በልተን፣ ተመራርቀን መለያየት እንችል ነበር። ባለቤቴ አልማዝም ያለችው ይህንኑ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ግድቡ ጋ ወስጄ አውሮፕላኔን ላሳያቸው አልኩ። አቶ ተፈራን አንድ ዙር በሰማይ አዙሬ መልሼ ውሃው ላይ ላሳርፋቸው። የሙሽራዋ አባት መሆን አልበቃኝም። ካፒቴን መባል አማረኝ።

አውሮፕላኗ ከውሃ ላይ ተነስታ ውሃ ላይ የምታርፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት። በጎማ ፈንታ ሁለት ረጃጅም የአሉሚኒየም ጀልባዎች አሏት፤ እኔና መካኒኬ ጳውሎስ «ጫማ» እንላቸዋለን። ጫማ ውሃ ያስገባል። የማያስገባ የለም። የእኛ ግራው ደግሞ ይብሳል፤ ቆርቆሮውን የሚያያይዘው አንደኛው የሪቬት ምስማር መስመር ካረጀ ቆይቷል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ጫማው ላይ ተንበርክኮ በእጅ ፓምፕ ውሃውን ስቦ ማውጣት ግድ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን የሠራው ጳውሎስ ነው። ትናንት ግን ራሴ ደወልኩለት። «ነገ አምልኮህን እንዳትተው፤ ከዚያ በኋላ ትደርስብናለህ። እኔ አዘጋጃታለሁ» አልኩት።

አላዘጋጀኋትም። አልማዝ የተኮሰችልኝን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ከተንበረከክኩ ይቆሽሻል። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ቼክሊስቱ ላይ «የጫማዎቹ ውሃ ወጥቷል» ከሚለው አጠገብ የራይት ምልክት አደረግኩና ገባሁ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ሞቋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፣ ሲሞቅ ደግሞ ጭራሽ አይሸከምም፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ በማለዳው ብርድ የምንበረው። አቶ ተፈራ ከባድ ሰው ናቸው። ጋዝ ሰጠኋት፤ ሮጠች። ግን ከውሃው አልላቀቅ አለች፣ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ዳር ላይ ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ጋ ስደርስ ካልተነሳች ጋዙን ዘግቼ ማቆም አለብኝ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ባሕር ዛፉን አለፍኩት። ስልክ ደግነው የሚቀርጹት ዘመዶች ይታዩኛል። አሁን ባቆም ምን ይሉኛል አልኩ።

ደንገሉ ውስጥ ገባን። ኦቦ ፈይሳ፣ የግድቡ ጎረቤት ሽማግሌ፣ ላሞቻቸውን እያጠጡ ነበር። ላሞቹን ሊያሸሹ ሮጡ፣ ክንፉን ሸሽተው ሲዘሉ በእጃቸው ላይ ወደቁ። አንጓቸው ተሰበረ። አቶ ተፈራ ቅንድባቸው ላይ ተፈነከቱ። እኔ ምንም አልሆንኩም።

ዳር እንደወጣን የአቶ ተፈራ ባለቤት «ምንድን ነው የሆነው?» ብለው ጮኹብኝ። አፌ ሳላስበው ተከፈተ። «ጳውሎስ ነው፤ መካኒኬ። ውሃውን ሳያወጣ ትቷት» አልኩ።

ቀና ስል ጳውሎስ ቆሟል። ከአምልኮ በቀጥታ መምጣቱ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ብብቱ ሥር። አየኝ። መጽሐፉን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፣ ሱሪውን ጠቀለለና ገመድ ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ውርጭ። ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው ያደረው። ለመብረር የሚመኙት ጠዋት።

የተሰበረው፦
የግራው ጫማ አፍንጫ፤ ተጨማዷል።
ፕሮፔለሩ፤ ጫፉ ተቆልምሟል።
የግራው ክንፍ ጫፍ።
የኦቦ ፈይሳ ቀኝ እጅ። ሆለታ ወስጃቸው ጀሶ አሰሩላቸው። በመንገድ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም።
የአቶ ተፈራ ቅንድብ፤ አራት ስፌት።

ጳውሎስን ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁትም። አሁን ሳነበው ነው ያየሁት።

አውሮፕላኗን በትራክተር ጎትተን ከደንገሉ አወጣናት። ጳውሎስ ከሚሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ ነበር። ገመዱን ራሱ አሰረ፤ «ቀስ! ግራ! ቁም!» እያለ ሾፌሩን አዘዘ። ለእኔ «ጋሼ፣ እዚያ አይቁሙ፣ ገመዱ ከተበጠሰ ይመታዎታል» አለኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልተነጋገርንም።

ሰው የግል አውሮፕላን አለው ሲባል ሀብታም ነው ይላል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የመድኃኒት ረጪ አብራሪ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከጥጥ ማሳና ከአንበጣ በላይ ነው። ሐይቅ ያጠና የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ይህችን የተጎዳች አውሮፕላን አስረከበኝ። ፈቃዷን ለማውጣት ብቻ ሦስት ዓመት ፈጀሁ። ያለኝ ሀብት ይህ ነው፦ ነዳጅ በጀሪካን አምጥቶ ማጥለል፤ ዝናብ ከጣለ ታንኩ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ከሥሩ ቀድቶ በብርጭቆ ማየት፤ ሽቦዎቹን ቅባት መቀባት፤ ወፍ ሞተሩ ውስጥ ጎጆ እንዳይሠራ ቀዳዳውን በጨርቅ መድፈን፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ገመዷ ተበጥሶ ይሆን ብሎ መሮጥ። ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ሲል ደግሞ ከላይ ሆኖ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም፣ ሰማዩና ውሃው አንድ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ጳውሎስ በታንኳ ይገባና ድርቆሽ ይበትንልኛል። እኔ ድርቆሹን እያየሁ ነው የማርፈው። ስንት ጊዜ በእሱ ድርቆሽ ላይ ነፍሴን አሳርፌያለሁ።

ከወላይታ ነው የመጣው። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነበር፣ አሁንም ነው። የእኔን አውሮፕላን እየፈታ እየገጠመ ተማረ፣ ተፈተነ፣ የአውሮፕላን መካኒክነት ፈቃዱን አወጣ። ባለፈው ወር አንድ የግል የአየር እርጭት ድርጅት መካኒክ እንደሚፈልግ ሰማንና የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩለት። «እምነት የሚጣልበት» ብዬ።

አደጋው መመዝገብ ስላለበት ለሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ። ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባልኩ።

ስልኩን እንደዘጋሁ አውሮፕላኗ ውስጥ ገብቼ ቼክሊስቱን ነቀልኩት። አጥፌ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ጳውሎስ ከሥር ሆኖ ብሎን ይፈታ ነበር። ያየኝ ይመስለኛል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ተቆጣጣሪዋ ሴት ናት፤ የማርታ እኩያ ብትሆን ነው። ቦት ጫማ ይዛ መጥታለች፣ ደንገሉ ውስጥ ገብታ በሜትር ለካች፣ ፎቶ አነሳች። እኔ አጠገቧ እንደ ተማሪ ቆሜያለሁ።

«ጫማው ውስጥ ብዙ ውሃ ነበር። ከበረራ በፊት አልወጣም?»

«አልወጣም።»

«ማን ነበር ማውጣት የነበረበት?»

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። ጥያቄው ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ እንደ እሑዱ በድንጋጤ አልነበረም። ጊዜ ነበረኝ። እንዲያውም አንዲት ወፍ ክንፉ ላይ ስታርፍ አይቻለሁ።

«መካኒኩ» አልኩ።

«ቼክሊስቱስ?»

«ውሃ ውስጥ ጠፋ።»

ጻፈች። ከዚያ ብዕሩንና ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝና «የመካኒኩን ሙሉ ስምና ስልክ እዚህ ላይ ይጻፉልኝ፤ እደውልለታለሁ» አለች። ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው፤ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። የጳውሎስን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ አሳምሬ ጻፍኩ።

የተጎዳውን ጫማ ለጥገና ማንሳት ይቻላል ብላ ፈረመች።

ማርታ ከሥራ ወጥታ መጣች። አማቶቿ ተቀይመው እንደሆነ ጠየቅኳት። «አልተቀየሙም፤ የሠራተኛ ስህተት ነው ብለዋል» አለች። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። «አባዬ፣ ያን ሰውዬ ግን ማባረር አለብህ፤ ሊገድልህ ነበርኮ።»

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጫማው በአይሱዙ ተጭኖ ማለዳ ወደ ሰበታ ሄደ፤ እዚያ አሉሚኒየም የሚያውቅ ብየዳ ቤት አለ። እኔ በታክሲ ተከተልኩ። ዓለም ገና ላይ ሚኒባስ ቀይሬ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። የሞተሩን ድምፅ ለየሁት። የእኔ ሞተር ነው።

«እይ እይ፣ አሁን ደንገሉ ውስጥ ሲገባ! ላሞቹን እያቸው!»

«አውሮፕላን ነው ጀልባ?»

«ሁለቱንም አልቻለም!»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየ። ባርኔጣዬን ዝቅ አደረግኩ። እስከዚህ ድረስ ይገባኛል፤ ይሳቅብኝ። ከዚያ ግን አንደኛዋ፣ «አብራሪው ምን ያድርግ፣ ካፒቴን ነው አሉ፣ ትልቅ ሰው። መካኒኩ ነው ጉድ የሠራው። እዚሁ ዓለም ገና ነው ቤቱ፤ የእኛ ሰፈር ልጆች ያውቁታል» አለች።

ከመድረሻዬ በፊት «ወራጅ አለ» አልኩ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

ጳውሎስ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ሳይተኛ መጥቷል። ጫማውን ገልብጦ የድሮዎቹን ሪቬቶች አንድ በአንድ እየበሳ ያወጣል። ሰላም አለኝ፤ ብድግ ብሎ ነው ሰላም ያለኝ፣ እንደ ወትሮው። ያረጀውን መስመር በጣቱ እየዳበሰ «ይህን ሙሉ በሙሉ እንቀይረው፤ ከእንግዲህ ውሃ አያስገባም» አለ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ትናንት በስልክ ተቆጣጣሪዋ ትደውልልሃለች ብለውኛል። ምን እንዳሏት ይንገሩኝ። የተለያየ ነገር እንዳንናገር።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ሊከሰኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ውሸቴን እንዴት እንደሚያግዘኝ ነው የሚጠይቀኝ።

«ቅዳሜ ማታ ላወጣው ነበር፣ ረሳሁ ብል ይሻላል? ወይስ ፓምፑ ተበላሽቶ ነበር ልበል? ፓምፑን ካየች ግን ደህና ነው፤ ረሳሁ ማለት ይሻላል።»

«እንደሆነው ተናገር» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል አትሞላም። «እናያለን» አልኩት። «እስቲ እናያለን።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ሪቬቱ ተመለሰ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ነገ ሚካኤል ነው። የኦቦ ፈይሳ ቤት ዝግጅት ላይ ነበሩ፤ ግቢው ተጠርጓል፣ ጠላው ተጠምቋል። ስኳርና ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ጀሷቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አካም ኦልታኒ፣ እንዴት ዋሉ፣ ኦቦ ፈይሳ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ተቀመጥ።»

የጤፍ አጨዳው ነው የሚያሳስባቸው። ጎረቤት በደቦ ሊያጭድላቸው ተስማምቷል፤ ግን በሰባ ዓመታቸው ቆመው ማየት አልለመዱም። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩ። ስጠይቅ ግን እንዲህ ብዬ ነው፦ «በእኛ ስህተት ተጎዱ።» በእኛ።

አዩኝ። ከዚያ በግራ እጃቸው መሬቱን በዘንግ መታ መታ አደረጉ።

«ካፒቴን፣ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ነው ላም የማጠጣው። ያ ወላይቴው ሁልጊዜ ይንበረከካል፣ ያንን ቱቦ ይስባል፤ ጭርር፣ ጭርር ይላል። ላሞቼ እንኳ ለምደውታል። እሑድ ጭርር አላለም። እሑድ ያ ሰው አልነበረም። ከመኪና የወረድከው አንተ ነህ፣ ነጭ ለብሰህ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ያቺ የመንግሥት ልጅ ማክሰኞ ስትመጣ እዚያው ነበርኩ። ብትጠይቀኝ ዱጋውን፣ እውነቱን እነግራት ነበር። አልጠየቀችኝም። እኔም ቆይ ራሱ ይናገር አልኩ። ትልቅ ሰው ነህ።»

«ለምን እሑድ ዕለት ዝም አሉ?»

«እጄ ተሰብሮ ነበር» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አፍሬልህ ነው» አሉ።

ሰው ሲያፍርብህ ትቆጣለህ። ሲያፍርልህ ግን መግቢያ ታጣለህ።

ቤት ስመለስ ለአልማዝ ነገርኳት። ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ። ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ቪዲዮውን ሰው ሁሉ መጨረሻውን ነው የሚያየው። እኔ መጀመሪያውን አየሁት። ከመኪና ወርደህ፣ ሸሚዝህን አስተካክለህ፣ ቀጥ ብለህ ገባህ። አንድም ጊዜ አልተንበረከክህም።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «አራት ቀን ጠበቅኩህ። የጳውሎስ ሚስት ባለፈው ፋሲካ የላከችልን ቅቤ እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ሳየው ያመኛል።»


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከተማው በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰው ሁሉ ከማለዳው ጀምሮ ቆሻሻ ያቃጥላል። እያሳለኝ ቢሮው ደረስኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል አልሆነም፤ ተቆጣጣሪዋ ገና ኮቷን አላወለቀችም።

ቼክሊስቱን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። «አልጠፋም። ኪሴ ውስጥ ነበር። ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሥራውን ግን አልሠራሁትም። መካኒኩ አልነበረም፤ እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት።»

ወረቀቱን አየች። እኔን አየች።

«እሱ ግን አምኗል» አለች።

«ማን?»

«አቶ ጳውሎስ። ትናንት ደወልኩለት። ረስቼ ነው አለ። ካፒቴን የተናገሩት ልክ ነው አለ።»

ሳትጋብዘኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን አላወጡትም?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃውን ማለቷ ነው። ነገርኳት። ስለ ሸሚዙ። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ብትስቅ ይቀለኝ ነበር። አልሳቀችም። እያንዳንዱን ቃል ጻፈችው፤ «ነጭ ሸሚዝ» የሚለውንም።

«ካፒቴን፣ ይህን ማክሰኞ ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ አንድ ስህተት ነበር። አሁን ሁለት ሆኗል። ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የከፋ ነው።»

የአብራሪነት ፈቃዴን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ኮሚቴ ያየዋል፤ መቼ እንደሆነ አልታወቀም። የጳውሎስ ስም ከሪፖርቱ እንደሚወጣ አስረግጬ ጠየቅኳት። «ይወጣል» አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት መሰለኝ፤ በመጨረሻው በትዕግሥት ነው የመለሰችልኝ።

ከዚያ ዓለም ገና። ከዋናው መንገድ በባጃጅ ገባሁ። ጳውሎስ ቤት ስገባ ምሳ ላይ ናቸው፤ እሱ፣ ባለቤቱ አስቴርና አብራቸው የምትኖር እህቷ። «ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ!» ብሎ ተነሳ። አስቴር አልተነሳችም።

ቆሜ ተናገርኩ። ቢቀርብልኝም አልተቀመጥኩም። ውሃውን ያላወጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጳውሎስ እንዳይመጣ የነገርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሰው ፊት የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ አሁን ቢሮ ሄጄ እንዳስተካከልኩ።

አስቴር ባሏን ዞር ብላ አየችው። «እኔን ግን ረስቼ ነው ያልከኝ» አለችው።

ጳውሎስ እጁን ያያል።

«እሑድ ማታ ጠየቅኩህ። እውነት አንተ ነህ ወይ አልኩህ። አዎ አልከኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራብን አብሬህ ጸለይኩ፤ ይቅር እንዲልህ።»

«ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ» አለ ጳውሎስ። ለእሷ ነው ለእኔ፣ አላወቅኩም። «ፈቃዱን ያገኘሁት በእሳቸው ነው። ምን ልበል?»

ለእኔ ብሎ ሚስቱን ዋሽቷል። ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ፈቃዱን፣ ሥራውን፣ ስሙን አስቤያለሁ። እቤቱ ውስጥ የገባውን አላሰብኩም።

አስቴር ወደ እኔ ዞረች። «ለእኛ መንገርዎ ደግ ነው። ግን ያን ነገር የተናገሩት እዚህ አልነበረም። ያኔ የሰሙዎት ሰዎች ሱሉልታ ናቸው አይደል?»

«ነገ እሄዳለሁ» አልኳት።

ጳውሎስ እስከ በሩ ሸኘኝ። እጄን ጨበጠኝ፤ ግን እንደ ወትሮው በትከሻው ሰላም አላለኝም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ማርታ ነድታ ወሰደችኝ። ጠዋት ስነግራት መኪናው ውስጥ ነበርን፤ ሞተሩን አጥፍታ ለረጅም ጊዜ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። «አባርረው አልኩህ፤ ዝም ብለህ ሰማኸኝ» ብቻ ነው ያለችው። እንጦጦን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ምራቄን ዋጥኩ።

አቶ ተፈራ ላሞች ነው ያሏቸው፤ ግቢያቸው በድርቆሽ ክምር ተሞልቷል። ቅንድባቸው ላይ ያለው ፋሻ ተነስቶ ስፌቱ ይታያል። ባለቤታቸውም ወጥተው ተቀመጡ። ወተት ቀረበ። እኔ ግን ሳልቀምሰው ጀመርኩ። ለአምስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው፤ ይቀላል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ማርታ አጠገቤ ስላለች ጭራሽ ከበደኝ።

ስጨርስ ባለቤታቸው፣ «ባሌን ይዘው እየሞቱ ሸሚዝዎን ነው ያሰቡት?» አሉ።

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

«ከአደጋው ይልቅ ያ ሰውዬ ነው የሚያሳዝነኝ። እኔ ራሴ ሰደብኩት። ገመድ ይዞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ አንተ የማትረባ አልኩት። ቀና ብሎ ይቅርታ እማማ አለኝ።»

ይህንን አልሰማሁም ነበር። ያን ጊዜ የት ነበርኩ? የአቶ ተፈራን ደም እየጠረግኩ ነበር መሰለኝ። ወይም እየሰማሁ እንዳልሰማ ሆኜ።

አቶ ተፈራ ቀጠሉ። «እኔም ልንገርዎ። ስንነሳ ወደ ግራ ስታዘነብል አይቻለሁ። ያቁሙ ልልዎ ነበር። ፈራ እንዳይሉኝ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ሁለት ሽማግሌ ተፋፍረን ልንሞት ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ባለቤታቸው ግን ወተቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ «ይጠጡ» አሉኝ። ጠጣሁ።

ስለ ሠርጉ አንድም ቃል አልተነሳም። ስንወጣ የአቶ ተፈራ ባለቤት ማርታን ግንባሯን ሳሟት። እኔን ጨበጡኝ። ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። ማርታም አታውቅም፤ ጠይቄያታለሁ። «ልጃቸው እኔን ነው የሚያገባው» አለች፣ ቀጥላም፣ «ተስፋ አደርጋለሁ» አለች። ስትመልስልኝ ግን «አባዬ» ብላ ጀመረች። ይህንን ያዝኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ቡራዩ ስንገባ ጳውሎስ ደወለ። የጫማው ሥራ ተጠናቋል፤ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረው አይተውት አንድ አረፋ እንኳ አላወጣም። የመስመሩን ጫጫታ እሰማለሁ፤ መኪና፣ ጥሩምባ።

«ያ የእርጭት ድርጅት ደውሎ ነበር» አለኝ። «ማክሰኞ ለፈተና ጠርተውኛል።»

እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ሁለቴ አልኩት። ከዚያ ደስታዬ አጣደፈኝና፣ «ጠዋት መጥቼ በማርታ መኪና ላድርስህ?» አልኩ።

«አይ ጋሼ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «በታክሲ እሄዳለሁ።»

ደግሜ አልጠየቅኩትም።